መድኃኒቱ እየሠራ ሰውነት ሲለዋወጥ፦ ችግርና መፍትሄ

የኤችአይቪ ቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ደርሷል። የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ቁጥር የሆነው ሲዲ ፎርም ከፍ ብሏል። ግን ሱሪው አልገባ አለ፣ ወይ ስኳር ጨመረ፣ ወይ የወር አበባ ተዛባ። ያኔ ቀድሞ የሚከሰሰው ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱ ነው። አንዳንዴ ክሱ ልክ ነው። አንዳንዴ ግን ጉዱ ያለው አብሮ በሚወሰድ ሌላ መድኃኒት ነው። ምንም ይሁን ምን በራስዎ አያቋርጡ፤ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

ክብደት ጨመረ

መቼ እንደጀመረ ያስቡ። ከስቶ ሕክምና የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቢወፍር ማገገሙ ነው፤ ደስ ይበለው። ከዚያም በኋላ ካላቆመ፣ ወይም መድኃኒት ከተቀየረ ወዲህ ከመጣ፣ ዶሉቴግራቪርና ቢክቴግራቪር የተባሉት ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶች ይጠረጠራሉ። በተለይ ቴኖፎቪር አላፌናማይድ የተባለው ሌላ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት አብሯቸው ካለ። መድኃኒት ስለተቀየረ ብቻ ግን ኪሎው ይወርዳል ማለት አይደለም። በየቀጠሮው ኪሎና ወገብ ይለኩ፤ አመጋገብና እንቅስቃሴ ላይ ጭማሪው ገና ትንሽ ሳለ ይጀምሩ።

ፊት ክብ ብሎ አበጠ፣ ሆድ ገፋ፣ እጅና እግር ግን ከሳ

ይህችን ጠጋ ብለን እንያት። ቆዳው ሳስቶ ትንሽ ሲነካ ይበልዛል። ሆድ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ሰንበር ይወጣል። ከወንበር ለመነሳት በእጅ መደገፍ ይመጣል። የድሮዎቹ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶች ስታቩዲንና ዚዶቩዲን ፊትና እግር ያከሱ ስለነበር ብዙዎች "ያው የድሮው የስብ መዛባት ነው" ብለው ያልፉታል።

አይለፉት። የሚወስዱት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቶች ቅንብር የሌሎቹን ኃይል የሚያጠናክሩት ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት አለበት? ለአስም ፓፍ ወይም ለአለርጂ የአፍንጫ ስፕሬይስ ይጠቀማሉ? ፍሉቲካሶን የሚባለው ስቴሮይድ ካለበት ነገሩ ተገኘ ማለት ነው። ሪቶናቪርና ኮቢሲስታት ጉበት ስቴሮይዱን እንዳያስወግድ ያግዱታል። ሳንባ ውስጥ ብቻ እንዲሠራ የታሰበው መድኃኒት ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ለመገጣጠሚያ ሕመም በመርፌ የሚሰጠው ትሪያምሲኖሎንም ያው ነው። ፓፍ እንደሚጠቀም ለሐኪሙ የማይናገር ሰው ብዙ ነው። መድኃኒት አይመስለውማ።

ግራ የሚያጋባው የላቦራቶሪው ውጤት ነው። ስቴሮይዱ የሚመስለው የሰውነት የራሱ ሆርሞን፣ ኮርቲሶል፣ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ምክንያቱም ኩላሊት ላይ የተቀመጠው አድሬናል ዕጢ ከውጭ የሚመጣው ስለበዛበት ሥራውን አቁሟል። ስለዚህ ፓፉን ዛሬውኑ መጣል አደገኛ ነው። ደም ግፊት ሊያሽቆለቁል፣ ሰውም ሊወድቅ ይችላል። ሐኪሙ ወይ ፓፉን ወደ ቤክሎሜታሶን ይለውጣል፣ ወይ የፀረ ኤችአይቪ ቅንብሩን ይቀይራል፤ ዕጢው እስኪነቃ ድረስም ስቴሮይዱን ቀስ በቀስ ይቀንሳል።

ጥማት፣ ሽንት መመላለስ

ስኳር ይመርመሩ። ዶሉቴግራቪር በጀመሩ ጥቂት ሰዎች ላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ስኳር ሽቅብ ይወጣል። የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊነበብ ስለሚችል በባዶ ሆድ የሚለካውን እመኑ። 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሲደገምም ያው ከመጣ፣ የስኳር በሽታ ነው። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ሲታዘዝ ዶሉቴግራቪር እንደሚወስዱ ይናገሩ። የሜትፎርሚንን መጠን በደም ውስጥ ስለሚያበዛው አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ1,000 ሚሊግራም አይታለፍም።

ኮሌስትሮል ከፍ አለ

ሪቶናቪር ያለባቸው ቅንብሮችና ኤፋቪሬንዝ የተባለው ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ኮሌስትሮል በመጨመር የታወቁ ናቸው። ሲምቫስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት ከሪቶናቪር ወይም ከኮቢሲስታት ጋር መውሰድ ክልክል ነው፤ ጡንቻ ያፈርሳል። በ2023 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት ደግሞ ፒታቫስታቲን የተባለው ሌላ የኮሌስትሮል መድኃኒት ከ40 እስከ 75 ዓመት ባሉ ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች ላይ ከባድ የልብና የደም ሥር ችግሮችን በ35 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ኮሌስትሮላቸው ብዙም ያልከፋውም ቢሆኑ ሐኪማቸውን ቢጠይቁ ጥሩ ነው።

የወር አበባ ቀረ

ከሆርሞን በፊት እርግዝና ይመርመሩ። ኤፋቪሬንዝ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ስለሚያዳክም መከላከያው እያለም ማርገዝ ይቻላል።

ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እየበሉ መክሳት መጣ

አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ ዕጢ ነው የሚጠረጠረው። የተዳከመው የመከላከል አቅም ሲያገግም፣ ሕክምና ከተጀመረ ከዓመት በኋላም ቢሆን፣ ታይሮይድ ዕጢ ላይ ሊዞር ይችላል። ቲኤስኤች የተባለውን የታይሮይድ የደም ምርመራ ያሠሩ።

አጥንት ሳሳ

በቅንብሩ ውስጥ አጥንት የሚያሳሳው ቴኖፎቪር ዲሶፕሮክሲል ካለ ወደ ሌላ መቀየር ይቻላል። ካልሲየም ከታዘዘ ግን ከዶሉቴግራቪር ጋር በባዶ ሆድ አይዋጥም። ዶሉቴግራቪሩን ከካልሲየሙ 2 ሰዓት ቀድመው ወይም 6 ሰዓት ቆይተው ይውሰዱት፤ አለዚያ ሁለቱንም ከምግብ ጋር።