የአይሪሽ ስቴክ ስትሠሩ ከድንቹ ጀምሩ

የአየርላንድ ዓይነት ስቴክ በድንች ቤት ውስጥ መሥራት ካማራችሁ፣ ስጋውን ለመጨረሻ አቆዩት። ድንቹ ይጠብቃል፤ ስቴክ ግን ከቀዘቀዘ አበቃለት።

አይሪሾች ሻምፕ የሚሉት የተፈጨ ድንች አላቸው። 1 ኪሎ ድንች ልጣችሁ በጨው ቀቅሉ። ውሃውን አጥልሉና ድስቱን ለ2 ደቂቃ ያህል ለስላሳ እሳት ላይ መልሱት፣ እርጥበቱ ይትነን። በጎን ደቀቅ አድርጋችሁ የከተፋችሁትን አረንጓዴ ሽንኩርት በአንድ ብርጭቆ ወተት አፍሉ። ጣዕሙ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ አትዝለሉት። ወተቱን ከነሽንኩርቱ በትኩሱ ድንቹ ላይ ጨምራችሁ በእጅ ፍጩት። ብሌንደር ውስጥ እንዳትከቱት፣ እንደ ሙጫ ይዝለገለጋል። ስታቀርቡ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋችሁ የገበታ ቅቤ ጣል አድርጉበት። ንጥር ቅቤ ነፍሴ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ቅመሙ ይጫነዋል። በሽንኩርቱ ፋንታ የተቀቀለ ጎመን ካስገባችሁ ደግሞ ኮልካነን ሆነላችሁ።

ስጋው 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይኑረው። በሶፍት አድርቁት፤ እርጥብ ስጋ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሳችሁ በጣም በጋለ መጥበሻ በእያንዳንዱ ጎን 3 ደቂቃ ገደማ ጥበሱት። ቀይ የማይስማማችሁ ትንሽ ጨምሩ። አውጥታችሁ 5 ደቂቃ ሳትቆርጡት ይረፍ። እስከዚያ መጥበሻውን ከእሳት አውርዳችሁ ትንሽ ውስኪ ጠብ አድርጉበት፣ መልሳችሁ ክሬም ጨምሩና ወፈር ሲል ስጋው ላይ አፍስሱት።

አይሪሾች የቅዱስ ፓትሪክን በዓል የሚያከብሩት ማርች 17 ነው። ሁሌም ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል፣ የምትጾሙ ለፍስክ አቆዩት።