ግድግዳ ሳይፈርስ ሙቀት መከላከያ እንዴት ይሞላል?

ተሠርቶ ባለቀ ቤት ላይ፣ በግድግዳው ቋሚ እንጨቶች መካከል ባዶ ክፍተት እስካለ ድረስ፣ ሴሉሎስ (ከተፈጨ ወረቀት የሚሠራ መሙያ) ወይም ፋይበርግላስ (ከቀጫጭን የመስታወት ክሮች የተሠራ) በትንሽ ቀዳዳ በኩል በማሽን እየተነፋ ሊሞላ ይችላል። ክፍተት የሌለው ድፍን የጡብ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ግን በዚህ ዘዴ አይሞላም።

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት የግድግዳው ደረቅነት መረጋገጥ አለበት። ጣሪያው ወይም የመስኮቱ ጠርዝ ውሃ የሚያስገባ ከሆነ ጥገናው ይቅደም፤ ውሃ የጠጣ ሴሉሎስ ወደ ታች ከመስመጡም በላይ እንጨቱን ያበሰብሳል። የኤሌክትሪክ መስመሩንም ባለሙያ ይየው፤ በተለይ በሸክላ መያዣዎች ላይ የተዘረጋ የጥንት ሽቦ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው አየር ስለሆነ፣ ሳይቀየር ሊሸፈን አይገባም።

ቋሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከመሐል እስከ መሐል 40 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር ስለሚራራቁ፣ አንዱ ከተገኘ ሌሎቹን ማግኘት አያስቸግርም። ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ በየክፍተቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ ይበሳል። ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ወደ ላይና ወደ ታች መሞከር ይበጃል፤ አግዳሚ እንጨት ካጋጠመ ከማዶው ሌላ ቀዳዳ ያስፈልጋል።

የሥራው ልብ ያለው በጥግግቱ ላይ ነው። ላላ ብሎ የተሞላ ሴሉሎስ ከጊዜ በኋላ ይረግብና ከላይ በኩል ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ስለዚህ በአንድ ሜትር ኩብ 56 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲገባ ይደረጋል። ቱቦው ከክፍተቱ ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪቀረው ይገፋል፤ ፍሰቱ ሲታፈን ትንሽ ወደ ኋላ ይሳባል፣ እንደገና ሲታፈንም እንዲሁ። ቁመቱ 2.4 ሜትር፣ ስፋቱ 37 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፍተት 4.5 ኪሎ ያህል ይወስዳል። በ2 ኪሎ ሞላሁ ካለ እንቅፋት አለ ማለት ነው፤ እየነፉት አልሞላ ካለ ደግሞ በሆነ ሽንቁር ወደ ወለሉ ሥር ወይም ወደ ቁም ሳጥኑ ኋላ እየፈሰሰ ነውና ማሽኑን አጥፍቶ መፈለግ ይሻላል። የጂብሰም ቦርዱ ማበጥ ከጀመረም ወዲያው ይቁም። አቧራው ብዙ በመሆኑ ጭምብልና መነጽር የግድ ናቸው።

ቀዳዳዎቹ በውታፍ ተደፍነው፣ ስቱኮ ተመትተው ይቀባሉ። ከቀለሙ በፊት ግን፣ በቤቱና በውጭው መካከል ቢያንስ የ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ባለበት ሰዓት ግድግዳውን በሙቀት ካሜራ መቃኘት ተገቢ ነው፤ ከመስኮት በላይና በታች ያሉት አጫጭር ክፍተቶች ብዙ ጊዜ ተረስተው የሚገኙት ያኔ ነው።