የአሮጌ ኦራል የቻርጅ ችግር፦ ዲናሞው ከመፈታቱ በፊት

ከጦር ሠራዊት አገልግሎት ወጥተው ድሬዳዋ ውስጥ አሸዋና ውሃ የሚያመላልሱ ኦራል የተባሉት የሩሲያ ከባድ መኪኖች ወደ ጋራዥ ሲመጡ የባለቤቱ ቃል ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዲናሞው ቻርጅ አያደርግም» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ዲናሞው ጤነኛ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተውን ባለ ናፍጣውን ኦራል 4320 ነው። ኤሌክትሪኩ 24 ቮልት ሲሆን፣ ባለ 12 ቮልት ሁለት ባትሪዎች በተከታታይ ታስረውበት ኔጌቲቩ ከሻሲው ጋር ይያያዛል። ቤንዚን የሚጠጣው የቀድሞው 375 ባለ 12 ቮልት ስለሆነ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለእርሱ አይሠሩም። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ መወጠሩ፣ ፊውዙ አለመቃጠሉና ሞርሴቶዎቹ፣ ማለትም የባትሪው ገመድ መያዣዎች፣ መጥበቃቸው አስቀድሞ ታይቷል ብዬ እጀምራለሁ።

መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ ሁለቱ ባትሪዎች በአንድነት ሲለኩ ከ25.2 ቮልት ማነስ የለባቸውም። ሞተሩ ተነስቶ መካከለኛ ዙር ላይ ሲሆን ከ27.5 እስከ 28.5 ይገኛል። ከ26 በታች ከሆነ ቻርጅ የለም፤ ከ29 በላይ ከሆነ ባትሪው እየተቀቀለ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የአምፔር መለኪያ ምስክር አድርጌ አልቆጥረውም፤ የመርፌው እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ብዙ ዘመኑ ነው።

ጠቅላላው ቮልት ደህና ሆኖ ሳለ አንዱ ባትሪ ይፈላል፣ ሌላው ባዶ ነው

በየጊዜው የሚመላለስብኝ ችግር ይህ ነው። ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንድ ጊዜ አጉረምርሞ ዝም ይላል። ሞተሩ በግፊ ተነስቶ ቴስተሩ (የቮልት መለኪያው) ከሁለቱ ባትሪዎች ዳር እስከ ዳር ሲደረግ 28 ስለሚያሳይ ጥፋቱ በሞተሪኖው ይሳበባል። ነገር ግን እያንዳንዱ ባትሪ ለየብቻው ሲለካ አንደኛው 12.8፣ ሁለተኛው 15.2 ሆኖ ይገኛል። የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር የሚያውቀው ድምሩን ብቻ ስለሆነ እርሱ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው።

መንስኤው ያለው ጋቢና ውስጥ ነው። ቴፑ፣ የስልክ ቻርጀሩና የድሬን ሙቀት ለመቋቋም የተሰካችው ትንሽ ቬንቲሌተር 12 ቮልት ስለሚፈልጉ፣ አንድ ሰው ሁለቱን ባትሪዎች ከሚያገናኘው ገመድ ላይ ሽቦ ጠልፎ አምጥቷል። ከሰዓት በኋላ መኪናው ጥላ ሥር ቆሞ፣ ሾፌሩና ረዳቱ እየቃሙ፣ ቴፑ አራት ሰዓት ሙሉ ሲዘፍን ኃይል የሚሰጠው አንዱ ባትሪ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ባትሪዎቹ በተከታታይ የታሰሩ ናቸውና ዲናሞው ለሁለቱም እኩል አምፔር ይልካል እንጂ የራበውን ለይቶ ማጉረስ አይችልም። የጠገበው ውሃውን እያፈላ ይደርቃል፤ የራበው ፕሌቶቹ ላይ ነጭ ሰልፌት እየጋገረ ይሞታል።

የውሃ ቦቴ የተጫነበት አንድ ኦራል በአንድ ዓመት ሦስት ባትሪ በልቶ መጣልኝ። ባለቤቱ አንዱ በሞተ ቁጥር አንድ አዲስ እየገዛ ከአሮጌው ጋር ሲያጣምር ቆይቷል፤ ዲናሞም ሁለት ጊዜ ቀይሯል። የተጠለፈ ነገር እንዳለ ስጠይቅ «ምንም የለም» ተባልኩ። የረዳቱን ወንበር ሳነሳ በፕላስተር የተጠቀለለ የቤት ሽቦ አገኘሁ። ፕላስተሩ በሙቀት ቀልጦ እንደ ማር ጣቴ ላይ ይለጠፋል፤ ከሥሩ ያለው መዳብ አረንጓዴ ሆኗል። ሾፌሩ «ይሄማ የቴፑ ነው፣ የመኪናው አይደለም» አለኝ።

ከሁሉ የከፋው ጠለፋው ከላይኛው ባትሪ፣ ማለትም ፖዘቲቩ ወደ መኪናው ከሚሄደው ሲሆን ነው። በዚያ ጊዜ የቴፑ ኔጌቲቭ ከሻሲው በ12 ቮልት ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ የቴፑ ቆርቆሮ ወይም የአንቴናው መሠረት ጋቢናውን የነካ ዕለት የታችኛው ባትሪ ሾርት ያደርጋል። በዚህ መንገድ ሽቦው ከዳሽቦርዱ ሥር እስከ ባትሪ ሳጥኑ የነደደበት ኦራል አይቻለሁ፤ ፊውዝ የሚባል ነገር አልነበረውም።

መፍትሄው ጠለፋውን ቆርጦ በማውጣት ይጀምራል። ከዚያ ሁለቱ ባትሪዎች ተለያይተው እያንዳንዳቸው በባለ 12 ቮልት ቻርጀር እስኪሞሉ ድረስ ቻርጅ ይደረጉና አድረው ይለኩ። ልዩነታቸው ከ0.2 ቮልት ከበለጠ፣ ወይም በአሲድ መለኪያ ከስድስቱ ክፍሎች የአንዱ ውፍረት ከሌሎቹ ርቆ ከወረደ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነትና በአንድ አቅም ይቀየሩ። አዲስን ከአሮጌ ማጣመር አዲሱን መግደል ነው። ለጎደለው የሚጨመረው የባትሪ ውሃ እንጂ አሲድ አይደለም። በእንዲህ ያለ ሞቃት አገር የሞላ ባትሪ አሲድ ውፍረት 1.24 አካባቢ ይበቃዋል፤ ለቀዝቃዛ አገር የተባለውን 1.28 እዚህ መሙላት ዕድሜውን ያሳጥራል። ቴፑ የግድ ከሆነ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ተገዝቶ፣ መግቢያው ከሁለቱም ባትሪ ዳርና ዳር ተወስዶ፣ ፊውዙ ከፖዘቲቩ አጠገብ ይታሰር። ላዩ ላይ 20 አምፔር የተጻፈበት፣ ክብደቱ ግን ክብሪት ሳጥን የሚያክል ኮንቨርተር ገበያ ላይ ሞልቷል፤ እርሱን የገዛ ሰው በሳምንቱ ወደ ጠለፋው ይመለሳል።

ቀን ደህና ነው፣ ማታ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ መብራቱ ይደበዝዛል

ይህ በአብዛኛው የማሳ፣ ማለትም የኔጌቲቩ መመለሻ መንገድ ችግር ነው። ሞተሩ እየሠራና ትልቁ መብራት በርቶ ሳለ፣ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በዲናሞው አካል፣ ሌላው በባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ ላይ ይደረግ፤ ሞርሴቶው ላይ ከተደረገ የሞርሴቶውን ጥፋት ይደብቃል። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ፣ ወይም ከዲናሞው ፖዘቲቭ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ከ0.5 በላይ ከጠፋ፣ ቡሎኑ ተፈትቶ እስከ ነጭ ብረቱ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ፤ ከዚያ በአዲስ ሮንዴላ ጠብቆ ላዩ ግራሶ ይቀባ። ቀለም ቀቢዎች የማሳውን ቡሎን ከሻሲው ጋር አብረው ስለሚቀቡት፣ ቀለም በተቀባ ሰሞን የመጣ ኦራል ላይ መጀመሪያ የማየው እርሱን ነው። የማሳ መቁረጫውም በእጅ ሲነካ ከሞቀ ውስጡ ያለው ንክኪ ተቃጥሏል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩ እየሠራ ማሳ አይቆረጥም። ባትሪው በድንገት ሲለይ የዲናሞው ቮልት ወደ ላይ ይወረወርና በዲናሞው ውስጥ ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ዳዮድና ሬጉሌተሩን በአንድ ቅጽበት ይጨርሳል። ሻሲ በሚበየድበት ጊዜ ግን ሞተሩ ጠፍቶ ማሳው ይቆረጥ፣ የባትሪው ገመድም ይፈታ።

ቻርጅ ጨርሶ የለም

ሬጉሌተሩ ለብቻው በተቀመጠበት ኦራል ላይ፣ የተገለበጠ «ጠ» የሚመስለው የሩሲያኛ ፊደል የተጻፈበት ተርሚናል ወደ ዲናሞው ካርቦን፣ ማለትም የሚዞረውን ቀለበት እየነካ ኃይል ወደሚያስገባው ቁራጭ፣ የሚሄደው ነው። ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ ሳለ፣ መብራት በርቶ፣ ሽቦው ከሬጉሌተሩ ይነቀልና በባለ 24 ቮልት የፍተሻ አምፖል በኩል ከፖዘቲቭ ጋር ለሁለትና ሦስት ሰከንድ ይነካካ። ቮልቱ ከፍ ካለ ጥፋቱ የሬጉሌተሩ ወይም ለእርሱ ከቁልፉ የሚመጣው ሽቦ ነው፤ ካልተነቃነቀና አምፖሉም ካልበራ ካርቦኑ አልቋል ወይም ቀለበቱን አይነካም። ጋዝ እየተረገጠ ይህ ሙከራ አይደረግ።

ሁለቱም ባትሪዎች እኩል የሚፈሉ ከሆነ ሬጉሌተሩ ይታይ። አንዳንዶቹ የበጋና የክረምት መቀየሪያ አላቸው። ሩሲያዊው «ክረምት» ሲል በረዶ ማለቱ እንጂ የእኛን ሐምሌ ማለቱ አይደለምና፣ ድሬዳዋም ሆነ ሐረር መቀየሪያው ዓመቱን ሙሉ በጋው ላይ ይቀመጥ።

መኪናው በቆመበት የዲናሞው ጀርባ ለብ ብሎ ከተገኘና ባትሪው በአንድ ሌሊት ካለቀ ዳዮድ አፍስሷል። ከዙር ጋር የሚጨምር ጩኸት ካለ የዲናሞው ዘንግ የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው፤ ሲቀየር የፊቱም የኋላውም አብሮ ይቀየር።