የታዘዘልንን መድኃኒት ስንወስድ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

መድኃኒቱን እንደታዘዘለት የማይወስድ ሕመምተኛ ቸልተኛ ነው የሚል ፍርድ በየቦታው ይሰማል። እኔ አልስማማበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል ሕክምናቸውን በታዘዘው መሠረት የሚከታተሉት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ናቸው። ይህን ሁሉ ሰው ቸልተኛ ማለት አይቻልም። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው ማንም ያላብራራውን ነገር ሕመምተኛው በራሱ ግምት ሲሞላው ነው።

ሻል ሲል ማቆም። ከሁሉም አብልጦ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የደም ግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ግፊቱ ተለክቶ «ተስተካክሏል» ሲባል ድኛለሁ ብሎ ያቆማል። ምክንያት የለውም አይባልም፤ የራስ ምታት ማስታገሻ ሕመሙ ሲለቅ ይቆማልና። የደም ግፊት ግን ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም፤ ልኬቱም የወረደው መድኃኒቱ ስለያዘው ነው። ሲቆም ግፊቱ ድምፁን አጥፍቶ ይመለሳል። ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል የተባሉት የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች ደግሞ በድንገት ከተቋረጡ የልብ ምት ሊፈጥን፣ የልብ ሕመም ያለበትም ሰው ደረቱን ሊወጋው ይችላል። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የብግነት ማስታገሻ ለሳምንታት የወሰደ ሰው ሰውነቱ ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ቀንሶ ስለሚቆይ፣ በአንድ ጊዜ ቢያቆም ለከባድ ድካምና ለደም ግፊት መውረድ ይጋለጣል። ማቆም ቢያስፈልግ እንኳ መጠኑ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት።

ያልተመቸንን መድኃኒት ለሐኪም ሳይናገሩ መተው። ኢናላፕሪል የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት በአንዳንድ ሰዎች ላይ ጉሮሮ የሚከረክር ደረቅ ሳል ያስነሳል። ሕመምተኛው ሌሊቱን ሲስል አድሮ ክኒኑን ይተዋል፤ በቀጠሮው ቀን ግን ተግሣጽ ፈርቶ «እየወሰድኩ ነው» ይላል። ሐኪሙ ከፍ ያለውን ልኬት አይቶ መድኃኒቱ አልበቃውም ብሎ ይደመድምና ሌላ ይጨምርለታል። አንዲት ቃል ብትነገረው ሳል በማያስነሳ መድኃኒት ይለውጥለት ነበር። እዚህ ላይ ጥፋቱን በሕመምተኛው ላይ ብቻ መጣል ይከብደኛል፤ ሰው እውነቱን የሚናገረው ሳይቆጡ ለሚያዳምጡት ነው። ቀድሞ መንገርም ድንጋጤን ያስቀራል፦ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ወይም ቀይ ያደርጋል፤ ይህን ያልሰማ ሰው ደም የሸና ይመስለዋል።

ሰዓቱን በግምት ማከፋፈል። አሞክሲሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ በቀን ሦስት ጊዜ ከታዘዘ በየ8 ሰዓቱ ገደማ ማለት ነው፤ ለምሳሌ ከንጋቱ 12፣ ከቀኑ 8 እና ከምሽቱ 4 ሰዓት። ሦስቱንም በቀኑ ክፍል አቀራርቦ ወስዶ ሌሊቱን በሙሉ ባዶ ማሳለፍ በደም ውስጥ ያለው መጠን እንዲወርድ ያደርጋል። ከዚህ እጅግ የከፋም አለ። ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ መስሏቸው የወሰዱ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። እንዲህ ያለ ማዘዣ ከያዙ የሚወስዱበትን ቀን ስም፣ ለምሳሌ «ሰኞ» ተብሎ፣ ማሸጊያው ላይ ያስጽፉ።

የልጅን ሽሮፕ በቤት ማንኪያ መለካት። የማንኪያዎች መጠን ይለያያል። ከሽሮፑ ጋር በሚሰጠው መለኪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በሚሊ ሊትር ይለኩ።

ክኒንን ሳይጠይቁ መሰባበር። ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ክኒን ሲደቅ የሙሉ ቀኑን መጠን በአንድ ጊዜ ሊለቅ ይችላል። መዋጥ ካስቸገረዎት ፋርማሲስቱን በፈሳሽ የሚገኝ እንደሆነ ይጠይቁ።

አንድን መድኃኒት በሁለት ስም መውሰድ። ፓራሲታሞል በብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ ተቀላቅሎ ይገኛል። ለትኩሳቱ ክኒኑን፣ ለጉንፋኑ ሌላውን የወሰደ ሰው ሳያውቅ መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል። ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ከዚያ በላይ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል።

በቤት ያለውን ሁሉ፣ ቫይታሚኑንና ዕፅዋቱንም ጭምር፣ በከረጢት ይዞ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲስት ማሳየት ይህን የመሰለውን ችግር ያጋልጣል። በተለይ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ይህን አይተወው፤ ያለማዘዣ የሚገዛ እንደ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ እንኳ የደም መፍሰስ ሊያስከትልበት ይችላል።