ማውሱን ከእጃቸው አትንጠቁ

ሰሞኑን አንድ የኮምፒውተር ሥልጠና ላይ ከኋላ ተቀምጬ እያየሁ ነበር። አሠልጣኙ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሥራውንም ይወዳል። በዕድሜ ገፋ ያሉ አንዲት ሠራተኛ የትኛውን እንደሚጫኑ ሲፈልጉ፣ አምስት ሰከንድ ቢሆን ነው፣ ልጁ ጎንበስ አለና «ቆይ ላሳይዎት» ብሎ ማውሱን ወሰደባቸው። ጠቅ ጠቅ አደረገ። «አዩ? ቀላል ነው» ብሏቸው ወደ ሌላ ሰው አለፈ። ሴትየዋ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ሥልጠናው እስኪያልቅ ማውሱን መልሰው አልነኩትም።

ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ስለዚህ በዕድሜ የተለያዩ ሰዎችን የምታሠለጥኑና የምትመሩ፣ በተለይ ጀማሪዎች፣ እባካችሁ ስሙኝ። ማውሱን አትንጠቁ! ማንም ሰው ሲነጠቅ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንተ አትችለውም» መባሉን። እናንተ በሁለት ሰከንድ ያለፋችሁትን አምስት እርምጃ ዓይን አይከተለውም። እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጉና በአፋችሁ ምሩ፦ «ከላይ በግራ በኩል ያለችውን ይመልከቱ»። ከዚያ ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ይሳሳቱም። እንዲያውም ከሁሉ በፊት የተሳሳቱትን እንዴት እንደሚመልሱ አስተምሩ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ እጅን የሚያስረው «አንድ ነገር ባበላሽስ» የሚለው ፍርሃት ነው። ወረቀት ላይ በቀለም ሲሠሩ ለኖሩ ሰዎች ስህተት ማለት ገጹን እንደገና መጻፍ ነበር። ጥንቃቄያቸው ከዚያ የመጣ የሥራ ልማድ እንጂ ድክመት አይደለም።

እኔም አድርጌዋለሁ፣ ያውም በባሰ መንገድ። አንድ አንጋፋ የሒሳብ ሠራተኛ አዲሱን ሲስተም ሳስተምራቸው እያንዳንዱን እርምጃ ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር። እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። «ደብተሩን ይተዉት፣ ሁሉም ሲስተሙ ላይ አለ» አልኳቸው። ዘጉት። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። እኔ ገብቷቸዋል ብዬ ነበር። ከወራት በኋላ የእኛ መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር አልገጥም አለ፣ የ270 ልዩነት መጣ። ወጣቶቹ ሁለት ቀን ሙሉ መስመር በመስመር ፈለጉ። እሳቸው ቁጥሩን ሲሰሙ «ለ9 ይካፈላል፤ አኃዝ ተገለባብጦ ይሆናል» አሉ። እውነትም 7,630 ተብሎ መግባት የነበረበት 7,360 ተብሎ ገብቷል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ይህን ከእኛ አንዳችንም አናውቅም ነበር። በዚያው ቀን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ደብተሩም ተመለሰ።

በተቃራኒው ደግሞ «የዘመኑ ልጅ ነው፣ ኮምፒውተር ያውቃል» የሚል ግምት አለ። አሜሪካዊው ጸሐፊ ማርክ ፕሬንስኪ እ.ኤ.አ. በ2001 ከቴክኖሎጂ ጋር ላደጉ ልጆች «ዲጂታል ተወላጆች» የሚለውን ስያሜ ካስተዋወቀ ወዲህ ይህ ግምት ስር ሰዷል። አንድ አዲስ ተቀጣሪ እስከ ማታ ቢሮ ሲቆይ አይቼ «ምን ሆነህ ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ ያስቀመጠው ፋይል ጠፍቶበታል። በስልክ ያደገ ልጅ ነው፤ ስልክ ደግሞ ፎልደሩን ይደብቃል፣ ፎቶው ፎቶዎች ያሉበት ቦታ፣ መልእክቱ መልእክቶች ያሉበት ቦታ ራሱ ይገባል። ፎልደር በፎልደር ውስጥ የሚባለውን ማንም አላሳየውም። መጠየቅ ደግሞ አፈረ፣ ምክንያቱም ሁሉም ያውቃል ብሎ ገምቷል። ለወጣቱም ለአንጋፋውም አንድ ዓይነት ሥራ ስጡና ሲሠሩ እዩ። የጎደለው ከየት እንደሆነ ያኔ ይታያል።

የትውልድ ስም መለጠፍም ከዚሁ ወገን ነው። በተለመደው አከፋፈል እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1996 የተወለደ ሚሌኒያል ነው፣ ከ1997 ጀምሮ ጄን ዚ። እንግዲህ በዲሴምበር 1996 መጨረሻና በጃንዋሪ 1997 መጀመሪያ የተወለዱ ሁለት ሰዎች በቀናት ልዩነት ሁለት ዓይነት ፍጥረት ሊሆኑ ነው? የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ሠራተኛን በእነዚህ ምድቦች ማስተዳደር ጠንካራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ብለዋል። ምድቦቹን ካስፋፉት አንዱ የሆነው የአሜሪካው ፒው የጥናት ማዕከልም እ.ኤ.አ. በ2023 ከእንግዲህ ስሞቹን በጥንቃቄ እንደሚጠቀም አስታውቋል። «የአሁን ልጆች ሥራ ላይ አይረጉም» ስትሉ የ24 ዓመቱን ልጅ ከ50 ዓመት ሰው ጋር እያወዳደራችሁ ነው። ያንን የ50 ዓመት ሰው በ24 ዓመቱ ስንት ሥራ እንደቀየረ ጠይቁት።

የታተመ ጽሑፍ ስትሰጡ ፊደሉን አተልቁ። ከ40 ዓመት በኋላ ቅርብ ነገር ማንበብ ለሁሉም እየከበደ ይመጣል፣ ብዙዎች ግን አይናገሩትም።

ሰውን በስሙ ጥሩ። በስብሰባ ላይ «እናታችን» ወይም «ልጁ» እየተባለ የሚጠራ ሰው ሐሳቡ ሳይሰማ ዕድሜው ይቀድመዋል።

አጭር መልእክትን በራሳችሁ ልማድ አትተርጉሙ። አንጋፋው «እሺ።» ብለው ሲጽፉ እሺ ማለታቸው ነው፤ ወጣቱ ግን በነጥቧ ተቆጡኝ ብሎ ሌሊቱን ሳይተኛ ሊያድር ይችላል። ልጁም ስልክ ሳያነሳ በጽሑፍ ሲመልስ መናቁ አይደለም። ቡድናችሁ ለአስቸኳይ ነገር ምን እንደሚጠቀም አንዴ ተነጋገሩና ጨርሱት።

አሁን ወደሚያመኝ ልመለስ። ከእናንተ በዕድሜ የሚበልጥን ሰው ስትመሩ ስህተቱን ከመናገር አትሽሹ። አለቃ ሆኜ በጀመርኩበት ጊዜ ከሥሬ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ነበሩ። ሪፖርታቸው ሁልጊዜ ይጎድላል። አክብሬያቸው፣ ወይም አክብሬያቸው መስሎኝ፣ ምንም ሳልል ማታ ማታ ራሴ አስተካክለው ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ከሌላ ሰው ሰሙ። ቢሮዬ መጥተው «ልጄ፣ ጥፋቴን ደብቀህ ምን ጠቀምከኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስምንት ወር ሙሉ ሊያሻሽሉ ይችሉ የነበረውን ዕድል ወስጄባቸዋለሁ። ለወጣት የምትነግሩትን ለአንጋፋም ንገሩ፤ በሩን ዝጉ፣ አጭር አድርጉት፣ ሪፖርቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታችሁ የጎደለውን በጣት አሳዩ።

ማስተማርን ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚፈስ አታድርጉት። ጃክ ዌልች የአሜሪካውን ኩባንያ ጄኔራል ኤሌክትሪክን ሲመራ እ.ኤ.አ. በ1999 ከፍተኛ ኃላፊዎቹ ኢንተርኔትን ከወጣት ሠራተኞች እንዲማሩ አድርጎ ነበር። ጥሩ ነው፤ ግን ሁለቱም አንዳች ይዘው ይምጡ፣ ካልሆነ ልጁ የስልክ ጠጋኝ ሆኖ ይቀራል።

የመጨረሻው ስህተት፣ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ሳምንት የቀረውን ሰው «የምታውቀውን ጻፍልን» ማለት ነው። ምን ይጽፋል? የሚያውቀው አብዛኛው ነገር ችግር ሲመጣ ብቻ ነው ትዝ የሚለው። 270 የሚባል ልዩነት ባይመጣ ኖሮ ስለ 9 ማን ያነሳው ነበር? በዓመት አንዴ ብቻ የሚመጡ ሥራዎችም አሉ። ስለዚህ ተተኪውን ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ቀድማችሁ ከጎናቸው አስቀምጡት። ልጁ ይሥራ፣ እሳቸው አጠገቡ ሆነው ይዩ። እሳቸውም ማውሱን እንዳይነጥቁት ከወዲሁ ንገሯቸው።