ከብቅል ሌቦቼ ጋር እንዴት ታረቅሁ

ስንት ዓመት ሙሉ ብቅል አስጥቼ ዱላ ይዤ ስጠብቅ ኖርሁ። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ማንጎ፣ ሁለት ዘይቱንና ጥቂት ጌሾ አለ። ጠላ ስለምጠምቅ ሰሌኑ ላይ ብቅል አይጠፋም። «እሽ!» ስል ወፎቹ ይበራሉ፣ ጀርባዬን ስሰጥ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ደክሞኝ ዱላውን ጣልሁና ዱካ ላይ ቁጭ አልሁ። ለካ «ድንቢጥ» እያልሁ በጅምላ የምረግማቸው ቢያንስ አራት ዓይነት ናቸው!

እናንተም ወፎችን ለመለየት ከመቀመጥ ጀምሩ። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ጥሩ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ፣ ሳትንቀሳቀሱ። መጀመሪያ ምንቃሩን እዩ። አጭርና ወፍራም ከሆነ ጥሬ ፈልፋይ ነው። ቀጭንና ሹል ከሆነ ነፍሳት ይለቅማል። ረጅምና ቆልመም ያለ ከሆነ አበባ መጣጭ ነው፤ ግቢያችሁ ራስ ክምር ወይም ሬት ሲያብብ ታገኙታላችሁ።

ቀለም ያታልላል። ጎረቤት ዘንባባ ላይ ጎጆ የሚሠራው ወፍ ክረምት ላይ ቢጫና ጥቁር ነው። ቅጠሉን በቀጭኑ እየሰነጠቀ ይሸምናል። ሴቷ መጥታ ታያለች፤ ካልወደደችው ራሱ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። በበጋ ግን ያ ሁሉ ቢጫ ይጠፋና ድንቢጥ ይመስላል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ወፍ መስሎኝ ነበር። አሁን የልጄ የድሮ ደብተር ላይ ወሩን፣ ቀለሙንና የሚበላውን እጽፋለሁ። ስሙን ካላወቅሁ ራሴ አወጣለሁ። ደረቷ ሰማያዊ የሆነችው ትንሽ ወፍ ወንዱ ጉንጩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለው፤ «ሊፕስቲክ» ብዬዋለሁ። ልጄ ስልኬ ላይ መርሊን የሚባል ነፃ አፕ ጭኖልኛል፤ ፎቶ ሲሰጡት ስም ይነግራል። ደብተሬን ግን አልተውሁም።

መንከባከቡ ላይ፣ ከጥሬ ይልቅ ውሃ ይበልጣል። በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ። ጠፍጠፍ ያለ ወጭት ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ውሃ አድርጉ፣ መሃሉ ላይ ድንጋይ አኑሩ። በየቀኑ ድፉትና ቀይሩት፤ የወባ ትንኝ መፈልፈያ እንዳይሆን። ወጭቱን ቁጥቋጦ ሥር አታስቀምጡ፣ ድመት ታደፍጣለች። እንዲያው መሃል ሜዳ ላይም አይሁን፣ ሲደነግጡ የሚሸሹበት ይፈልጋሉ። ሦስት አራት እርምጃ ራቅ ይበል። ይህን ያስተማረችኝ የራሴ ድመት ናት፣ ሁለት ጊዜ አዋርዳኛለች።

ጥሬ ከሰጣችሁ አንድ እፍኝ ዳጉሳ ወይም ማሽላ ይበቃል። የሻገተ አትስጡ፣ ጨው ያለበት የሰው ምግብም አይሆንም። ብቅሌንስ? ያረጀ አጎበር ወጠር አድርጌ አለብሰዋለሁ። ከላላ እግራቸው ይጠመዳል።

ነሐሴ ላይ የሠፈር ልጆች ጫጩት ይዘው ይመጣሉ። «የሰው እጅ የነካውን እናቱ ትተወዋለች» የሚባለው እውነት አይደለም። ላባ ያላወጣ ከሆነ ጎጆው ውስጥ መልሱት። ላባ አውጥቶ የሚዘል ከሆነ ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጡትና ራቁ፤ እናቱ ቅርብ ናት።

የአይጥ መርዝ ደግሞ ተዉ። የተመረዘች አይጥ የበላች ጉጉትም ልትሞት ትችላለች። እኛ ማንጎ ላይ አንዲት ጉጉት አለች። አንዲት ጎረቤቴ «ይህች ሰው ልትጠራ ነው» ብላ በድንጋይ ልታባርራት ደርሳ ነበር። እኔ ደግሞ የምትጠራው አይጥ ነው ብዬ ለመንኋት። ዛሬም ማታ ስትጮህ ታማትባለች። ጥሬዋን ግን እኔ ቤት ነው የምታስቀምጠው፤ አይጥ የለበትም ብላ።