ከክትባት በኋላ የወጣ ሽፍታ ከክትባቱ ነው ወይስ ከኩፍኝ? እንዴት እንደሚለይ

ኩፍኝ በገባበት ቀበሌ የክትባት ዘመቻ ሲካሄድ፣ ከተከተቡት ሕፃናት አንዳንዶቹ ከሳምንት በኋላ ትኩሳትና ሽፍታ ይዟቸው ይመጣሉ። ያን ጊዜ ሐይቅም ሆነ ኮምቦልቻ ቡና ላይ «ያሳመመው ክትባቱ ነው» መባሉ አይቀርም። እንዲህ ያለችን እናት ዝም ማሰኘት ስህተት ነው፤ ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው፣ መልስም አለው።

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ። የክትባቱን ቀን ከካርዱ፣ ሽፍታው የወጣበትን ቀን ከእናቱ ጠይቃችሁ ጻፉ። የክትባት ሽፍታ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 12 ባሉት ቀናት ውስጥ ይታያል። በ2ኛው ቀን የወጣውን በክትባቱ ማመካኘት ይከብዳል። በ9ኛው ቀን ከሆነ ግን ቀን ብቻውን አይፈርድም፤ ልጁ ሳይከተብ በፊት ከታመመ ጎረቤት ተይዞ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጥሩ፣ ናሙና ይወሰድ። የተለመደው የደም ምርመራ ፀረ እንግዳ አካልን፣ ማለትም ሰውነት ቫይረስን ለመከላከል የሚሠራውን ፕሮቲን፣ ስለሚያይ ክትባትን ከበሽታ አይለይም። አጥብቄ የምለምነው ስለ ጉሮሮ ናሙናው ነው፦ ሽፍታው በወጣ በ5 ቀናት ውስጥ ይወሰድ፣ በበረዶ ቀዝቅዞ ይጓዝ። ከላስታ ተራሮች እስከ አዲስ አበባ መንገዱ ረጅም ነው፤ ሙቀት ካገኘው የቫይረሱ አር.ኤን.ኤ (ዘረመሉ የተጻፈበት ቁስ) ይፈርሳል።

የቀረው የላቦራቶሪ ሥራ ነው። የቫይረሱ ሙሉ ዘረመል 15,894 ፊደላት ቢኖሩትም፣ ለመለየት ኤን ከተባለው ጂን መጨረሻ 450ውን ማንበብ ይበቃል፤ ክፍሉ በጣም ከሚለዋወጡት አንዱ ነው። የኩፍኝ ቫይረሶች በዘረመላቸው በምድቦች ይከፈላሉ፤ የክትባት ቫይረሶች በሙሉ ምድብ «ኤ» ናቸው። አብዛኞቹም እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ ኤድመንስተን ከተባለ ልጅ ከተወሰደው ቫይረስ የወረዱ ናቸው። ዛሬ ከሰው ሰው የሚዛመቱት በዋናነት «ቢ3» እና «ዲ8» ሲሆኑ፣ በአፍሪካ የሚበዛው «ቢ3» ነው። ውጤቱ «ኤ» ካለ ሽፍታው ከክትባቱ ነው፤ «ቢ3» ካለ ወረርሽኙ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ጉልበት አለው። ኤች በተባለው ፕሮቲን 481ኛ ቦታ ላይ ያለ አንድ የአሚኖ አሲድ ለውጥ፣ የክትባቱ ቫይረስ የዱሩ (ከሰው ሰው የሚዛመተው) ቫይረስ የማይጠቀምበትን ሲዲ46 የተባለ የሴል ተቀባይ እንዲይዝ ያስችለዋል። «ታዲያ ከተለያዩ ክትባቱ እንዴት ይከላከላል?» ለሚሉ፦ ፀረ እንግዳ አካላት የሚይዟቸው ዋና ቦታዎች በሁሉም ምድቦች ተመሳሳይ ናቸው። የ9 ወሩም የ15 ወሩም ክትባት አይዝለል።

ውጤቱ እስኪመጣ ልጁን ኩፍኝ እንደያዘው ቁጠሩት። ሽፍታው ከወጣ 4 ቀን እስኪሞላ ከሌሎች ልጆች ለዩት፣ ቫይታሚን ኤ እንዲሰጠው ጤና ጣቢያውን ጠይቁ። ትንፋሽ ካጠረው ወይም መጥባት ካቃተው ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት።